የሕዝብን መዝገብ ከካርታ ጋራ ስለ ማገናኘት፤ በሐዲያና በከምባታ አገር ምሳሌነት

ስለ አንድ አገር ሕዝብ የሚያጠና ሰው ሁለት ዓይነት ሰነድ ይቀርብለታል። አንደኛው ስንት ሰው እንደ ነበረ የሚናገረው መዝገብ ነው፤ ሁለተኛውም ያ ሰው የኖረበትን ስፍራ የሚያሳየው ካርታ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ሲነበቡ እያንዳንዳቸው እውነት ይናገራሉ፤ ያለ ጥንቃቄ ሲገጣጠሙ ግን ከሁለት እውነት አንድ ሐሰት ሊወለድ ይችላል።

ይህንንም ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቈጠራ የከምባታ፣ አላባና ጠምባሮ ዞን ሕዝብ 727 ሺህ ያህል ሆኖ ተመዘገበ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ደግሞ የከምባታ ጠምባሮ ዞን ሕዝብ 681 ሺህ ያህል ሆኖ ታተመ። ሁለቱን ቍጥሮች ጐን ለጐን አስቀምጦ ያየ ሰው፣ በዐሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ 46 ሺህ ሰው እንደ ጐደለ አድርጎ ይረዳዋል። ከዚያም ለዚህ ጕድለት ምክንያት መፈለግ ይጀምራል፤ ረኃብን፣ በሽታን፣ ስደትን ያነሣል። ነገር ግን የጐደለ ሕዝብ የለም። በሁለቱ ቈጠራዎች መካከል አላባ ከዞኑ ተለይታ ልዩ ወረዳ ሆናለች፤ በ1999 ዓ.ም. የተቈጠረውም ሕዝቧ 232 ሺህ ያህል ነበር። ይህ ሲደመር ድምሩ 913 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ ቀንሷል የተባለው ሕዝብ በየዓመቱ ከመቶ 1.8 ያህል ሲጨምር የቆየ ሕዝብ ነው። የተለወጠው መስመሩ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ስሕተት ከምን ከምን እንደሚመጣና በምን ዘዴ እንደሚታረም፣ በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉት የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ምሳሌነት ማብራራት ነው።

ሀ. ስለ ጥንቱ መዝገብ

ስለ ሐዲያ ሕዝብና ስፍራ በአንድነት ከሚናገሩት ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን የነበረው ዐረባዊው ጸሐፊ ኢብን ፈድሉላህ አል ዑመሪ የተወው ነው። እርሱም የሐዲያን መንግሥት በአንድ ወገን የ8 ቀን፣ በሌላው ወገን የ9 ቀን መንገድ ነው ብሎ ጽፏል፤ የንጉሡንም ሠራዊት 40 ሺህ ፈረሰኛና ከዚያ እጥፍ የሚሆን እግረኛ ያደርገዋል። በዚህ ቃል ውስጥ ስፋትም ቍጥርም አለ። ይሁን እንጂ ስፋቱ የተለካው በእግር ጉዞ ነው፤ ቍጥሩም የሕዝብ ሳይሆን የጦር ነው፤ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን አይጨምርም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ችግር ደግሞ አለ። አል ዑመሪ ሐዲያ ያለው አገር ዛሬ ሆሳዕና የቆመችበት አገር ነው ብሎ በካርታ ላይ ነጥብ የሚያኖር ሰው ይሳሳታል። ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ከሽማግሌዎች የሰበሰበውን የትውልድ ሐረግና የቃል ታሪክ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው የሐዲያ ታሪክ እንዳሳየው፣ ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩት ነገዶች ብዙዎቹ ቀድሞ ከዛሬው አገራቸው ወደ ምሥራቅ ርቀው ይኖሩ ነበር፤ ወደ ምዕራብ የመጡት ከ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና ፍልሰት ጋራ በተያያዘ ሁኔታ ነው። እንግዲህ ስም ከሰው ጋራ ይጓዛል፤ ካርታ ግን ባለበት ይቀራል።

ወደ እኛ ዘመን ሲቀርብ መዝገቡ ይበዛል፤ ጠባዩም ይለወጣል። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን በኋላ በደቡብ አገሮች የተያዘው መዝገብ በመሬትና በግብር ላይ የተመሠረተ ነበር። መሬት 66 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቃላድ እየተለካ በጋሻ ይመደባል፤ አንድ ጋሻም ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። ስለዚህ ሥርዐት ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ሰፊ መረጃ ይዟል። እንዲህ ያለው መዝገብ ለካርታ ሥራ የሚመች ይመስላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስም ከአንድ ቍራሽ መሬት ጋራ ተያይዞ ይገኛል። ነገር ግን የሚጽፈው ግብር የሚከፍለውን ነው እንጂ በቤቱ የሚኖረውን ሁሉ አይደለም። መሬት በስማቸው ያልነበራቸው ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና አንጥረኞች በዚህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ አይታዩም። ስለዚህ ከግብር መዝገብ ብቻ የተሠራ ካርታ እነዚህን ሰዎች ከአገሩ ላይ ደግሞ ያጠፋቸዋል፤ አንድ ጊዜ በኑሯቸው የደረሰባቸው መገለል ሁለተኛ በሊቃውንት እጅ ይደገማል ማለት ነው።

ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገሩ የገቡት ሚሲዮኖችም የምእመናንን መዝገብ ይዘዋል። በተለይ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የተጠመቀው ሰው ስም፣ የወላጆቹ ስምና የተጠመቀበት ቀን ይጻፋል። እንዲህ ያለው መዝገብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከውጭ አገር ታሪክ እንረዳለን፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1749 ጀምሮ በየደብሩ ካህናት ከሚይዙት መዝገብ የመላ አገሩን ሕዝብ ቍጥር ታወጣ ነበር። በእኛ አገር ግን የአንድ ሃይማኖት መዝገብ የዚያን ሃይማኖት ተከታዮች ብቻ ስለሚይዝ፣ የአገሩ ሁሉ ቍጥር ተደርጎ ሊወሰድ አይገባውም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በሕግ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ለ. ስለ ስምና ስለ ፊደል

መዝገብንና ካርታን የሚያገናኘው ድልድይ የቦታ ስም ነው። ድልድዩ ግን በብዙ ስፍራ የተሰበረ ነው።

መጀመሪያ፣ አንድ ቦታ ሁለት ስም ይኖረዋል። ሆሳዕና የሚለው ስም ከበዓለ ሆሳዕና የተወሰደ ሲሆን የቦታው የቀድሞ ስም ዋቸሞ ነው፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስም ይጠራል። አንዱ ሰነድ ዋቸሞ፣ ሌላው ሆሳዕና ብሎ ቢጽፍ፣ አገሩን የማያውቅ ጸሐፊ አንዱን ከተማ ሁለት አድርጎ በካርታ ላይ ሊተክለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንዱ ስም በብዙ ፊደል ይጻፋል። ሐዲያ፣ ሀዲያ፣ ሃዲያ፤ ከምባታ፣ ካምባታ፣ ከንባታ፤ ጠምባሮ፣ ተምባሮ፤ ሆሳዕና፣ ሆሣዕና፣ ሆሳእና ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ለሰው ዐይን እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው፤ ቃላትን በፊደላቸው ብቻ ለሚያነጻጽረው ኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ የተለየ ስፍራ ነው። በዚህ ላይ የሐዲያና የከምባታ ቋንቋዎች በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለ ሆነ ሌላ የአጻጻፍ ዘር ተጨምሯል። ስለዚህ ከማነጻጸር በፊት ሞክሼ ፊደላትን፣ ማለት ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ መልክ መመለስ ያስፈልጋል። ሆኖም በመዝገቡ ላይ የተገኘው የመጀመሪያው አጻጻፍ ሳይለወጥ ጐን ለጐን መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም የአጻጻፉ ልዩነት ራሱ ጸሐፊው ማን እንደ ነበረና ስሙን ከማን አፍ እንደ ሰማው የሚያመለክትበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው ለባህል ጥናት ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ፣ ባደዋቾ የሚሉት ስሞች ዛሬ የወረዳ ስሞች ናቸው፤ አስቀድሞ ግን የሐዲያ ሕዝብ ክፍሎች መጠሪያ ናቸው። በአንድ አሮጌ ሰነድ ላይ «የሶሮ ሰዎች» የሚል ቃል ቢገኝ፣ በሶሮ ወረዳ የሚኖሩ ማለት ነው? ወይስ ትውልዳቸው ከሶሮ የሆነ፣ ግን ሌላ ስፍራ የሰፈሩ? ይህን ፊደልና ቍጥር ብቻቸውን አይፈቱትም። የሚፈታው የአገሩን የትውልድ ሐረግ የሚያውቅ ሽማግሌና እርሱን በትዕግሥት የሚጠይቅ ተማሪ ነው።

የሰውም ስም እንደዚሁ ነው። የአገራችን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም፤ በቤት የወጣለት ስም፣ የክርስትና ስምና በመንግሥት መዝገብ የተጻፈለት ስም የተለያዩ የሚሆኑበት ጊዜም ብዙ ነው። እንግዲህ ሁለት መዝገቦች ስለ አንድ ሰው ይናገራሉ ለማለት ስም ብቻ አይበቃም፤ የአባት፣ የአያት፣ የመንደርና የዘመን ስምምነት በአንድነት መገኘት አለበት። ዘመኑም ቢሆን በጥንቃቄ የሚታይ ነው። አንዱ ሰነድ በዘመነ ማቴዎስ ወይም በዘመነ ሉቃስ ይጽፋል፤ ሌላው በአውሮፓ አቈጣጠር ይጽፋል፤ በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከልም እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ልዩነት አለ።

ሐ. ስለ ወሰን

በሐዲያና በከምባታ አገር የአስተዳደር ወሰን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በ1966 ዓ.ም. ለውጥ ዋዜማ ሁለቱ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በአንድ አውራጃ ውስጥ ነበሩ፤ ዋና ከተማውም ሆሳዕና ነበረች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቋም እያንዳንዱ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ላይ እንዲመሠረት አዘዘ፤ ዛሬ ቀበሌ የምንለው የገጠር አሃድ መነሻው ይህ ነው። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው ብሔራዊ ቈጠራ የተመዘገበው በክፍለ ሀገር፣ በአውራጃና በወረዳ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በክልልና በዞን የተመሠረተው አከፋፈል መጣ። ከዚያም ባደዋቾ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ዱና ከሶሮ ተለየ፤ ኦሞ ሸለቆ ይባል የነበረው ወረዳ ስሙ ቀርቶ ጠምባሮ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆነ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሐዲያ፣ ከምባታና ሐላባ በየራሳቸው ዞን፣ ጠምባሮ ደግሞ ልዩ ወረዳ ሆነው ገቡበት። ስለዚህ በ1987 ዓ.ም. በአንድ ዞን ስም የተቈጠረው ሕዝብ ዛሬ በሦስት መዋቅር ውስጥ ይገኛል።

የባደዋቾ ነገር ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ባደዋቾ የሐዲያ ዞን ክፍል ሲሆኑ ከዞኑ ዋና አካል ጋራ በመሬት አይገናኙም፤ በመካከል የከምባታ አገር አለ። ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ሾኔ የሚሄድ ሰው የሌላውን ዞን መሬት ይረግጣል። በካርታ ላይ ሐዲያን እንደ አንድ ያልተቈረጠ መሬት ቀለም የቀባ ሰው፣ ወይም የባደዋቾን ቍጥር በቅርበቱ ብቻ ተመርቶ ወደ ከምባታ የደመረ ሰው፣ የሁለቱንም አገር ስሌት ያበላሻል።

ከተሞችም በዚህ ረገድ ይፈትናሉ። የሆሳዕና ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ከ31 ሺህ የሚበልጥ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 70 ሺህ ደርሷል። ይህ በየዓመቱ ከመቶ 6 የሚያልፍ ዕድገት ነው። ሰው ከገጠር ወደ ከተማ መግባቱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ከተማም ወደ ገጠሩ ይሄዳል። የከተማው ክልል ሲሰፋ በዙሪያው ያለው ገበሬ ከቤቱ ሳይነሣ የከተማ ነዋሪ ሆኖ ይቈጠራል። ምን ያህሉ ሰው ወደ ከተማው እንደ መጣ፣ ከተማውስ ወደ ምን ያህሉ ሰው እንደ መጣ ለመለየት የሁለቱን ቈጠራዎች የከተማ ወሰን በአንድ ካርታ ላይ ደራርቦ ማየት ግድ ነው።

መ. ስለ ካርታው ልኬት

ካርታም እንደ መዝገብ የራሱ ጠባይ አለው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የተሠሩት የ1 ለ50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የልኬት ሥርዐት የተመሠረቱ ናቸው። የዛሬዎቹ የሳተላይት መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ግን በሌላ፣ ለዓለም ሁሉ በወጣ ሥርዐት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 200 ሜትር ይጠጋል። ይህ በ1 ለ50,000 ካርታ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለዐይን ጥቂት ነው። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ የከምባታ ጠምባሮ ዞን 1,356 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን መሬት ላይ በካሬ ኪሎ ሜትር 500 ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። አንድ የ5 ኪሎ ሜትር ወሰን በ200 ሜትር ቢንሸራተት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ከእርሱም ጋራ 500 ሰው ከቀበሌው ወጥቶ በሌላው ቀበሌ ይቈጠራል። ሰፊ መሬትና ጥቂት ሰው ባለበት አገር የሚናቀው ስሕተት በእንሰት አገር አይናቅም።

ሠ. ሥራው የሚፈጸምበት መንገድ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ሥራው አይቻልም ለማለት አይደለም። በተራ ከተያዘ ይቻላል።

አንደኛ፣ የቦታ ስሞች መዝገብ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ ቦታ የማይለወጥ አንድ መለያ ቍጥር ይሰጠዋል፤ በሥሩም የተጠራባቸው ስሞች፣ የተጻፈባቸው አጻጻፎች፣ ስሞቹ የታዩበት ዘመንና በኬክሮስና በኬንትሮስ የተለካው ስፍራው ይጻፋሉ።

ሁለተኛ፣ የወሰን ታሪክ ይጻፋል። አንድ ቀበሌ ከመቼ እስከ መቼ በየትኛው ወረዳ፣ አውራጃ ወይም ዞን ሥር እንደ ነበረ በዘመን ይለያል። ስለዚህ ካርታው አንድ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቈጠራ የየራሱ ካርታ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የጋራ አሃድ ይፈለጋል። የተከፈሉት ወረዳዎች ለንጽጽር ሲባል እንደ ገና ተደምረው እንደ ቀድሞው አንድ ይሆናሉ፤ ምሥራቅና ምዕራብ ባደዋቾ ተደምረው ከቀድሞው ባደዋቾ ጋራ፣ ዱናና ሶሮ ተደምረው ከቀድሞው ሶሮ ጋራ ይነጻጸራሉ። ይህ ዘዴ ዝርዝሩን ያሳጣል፤ እውነቱን ግን ይጠብቃል።

አራተኛ፣ መደመር ባልተቻለበት ስፍራ ማካፈል ይመጣል። በዚህ ጊዜ የመሬቱን ስፋት ብቻ መለኪያ ማድረግ ያሳስታል። ለምሳሌ ያህል 90 ሺህ ሕዝብ ያለው አንድ ወረዳ፣ ሲሶው ደጋ፣ ሁለት እጁ ቈላ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ እንበል። በስፋት ብናካፍለው ለደጋው 30 ሺህ፣ ለቈላው 60 ሺህ ይደርሰዋል። ነገር ግን ከሦስት ቤት ሁለቱ በደጋው ቢሆን እውነተኛው ድርሻ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ ትልቅ ረዳት ይሆናል፤ በዚህ አገር እንሰት የሚተከለው በቤት ዙሪያ ስለ ሆነ የእንሰቱ ጓሮ ቤቱ ያለበትን ስፍራ ከላይ ያመለክታል። በቆሎና እህል በሚዘራበት፣ ወደ ብላቴ ወንዝ በሚያዘነብለው ዝቅተኛ አገር ግን ይህ ምልክት ስለሚሳሳ ቤቶቹን ራሳቸውን መቍጠር ይሻላል።

አምስተኛ፣ በየቍጥሩ አጠገብ የመታመኑ መጠን ይጻፋል። የተቈጠረው፣ የተደመረውና የተገመተው በአንድ ቀለም መቀባት የለባቸውም።

ረ. ቍጥሩ ስለሚተወው ሰው

ይህ ሥራ ከተፈጸመ በኋላም የሚቀር ጥያቄ አለ። የሐዲያ ዞን ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ያህል፣ በ1999 ዓ.ም. 1 ሚሊዮን 231 ሺህ ያህል ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ በየዓመቱ ከመቶ 1.3 የማይሞላ ዕድገት ነው፤ የመላ አገሪቱ ግን በዚያው ዘመን ከመቶ 2.6 ያህል ነበር። ልዩነቱን ለማስረዳት የወሰኑ ጥያቄ አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ የቈጠራው ጥራትም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ግን የዚህ አገር ሰው ተጓዥ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል። የሐዲያና የከምባታ ሰው ለሥራ ወደ ወንጂና ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ሲወርድ ኖሯል፤ በ1977 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ዘመቻ ብዙ ቤተሰብ ወደ መተከል ተወስዷል፤ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታትም ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። እናቱ አሁንም ልጆቿን ስትቈጥር እርሱን ትቈጥረዋለች፤ መዝገቡ ግን በሌለበት አይጽፈውም። ካርታ የሰውን መኖሪያ እንጂ የሰውን መንገድ ካላሳየ የዚህን ሕዝብ ኑሮ ግማሽ ብቻ ይነግረናል።

ሌላው ጥንቃቄ ሕዝብን በቀለም ስለ መክፈል ነው። በከምባታ አገር ዱባሞ፣ ዶንጋና ጠምባሮ የየራሳቸው ስምና ትውስታ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው፤ በጋብቻና በጕርብትናም ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከአላባ ጋራ የተሳሰሩ ናቸው። ቈጠራው ከእያንዳንዱ ሰው አንድ የብሔር ስም ብቻ ይቀበላል፤ ካርታውም ያንን ወደ አንድ ቀለም ይለውጠዋል። በካርታ ላይ ደማቅ የሚመስለው ወሰን በገበያ ቀን በመሬቱ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። እንዲህ ያለው ካርታ ለመሬት ክርክር ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ ጉዳቱ የወረቀት ብቻ አይሆንም። የግለሰብ ስም ያለበት መዝገብም ቢሆን በቤት ደረጃ ሳይሆን በመንደር ወይም በቀበሌ ተጠቃሎ ሊወጣ ይገባዋል።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ብሔራዊ ሕዝብ ቈጠራ አልተደረገም፤ አራተኛው ቈጠራ ታስቦ በተደጋጋሚ ተላልፏል። ስለዚህ የመንግሥት በጀትም፣ የጤና ጣቢያም፣ የእርዳታ እህልም የሚደለደለው ከዚያ ቈጠራ በተነሣ ግምት ነው። መነሻው በተሳሳተ ወሰን ላይ የቆመ ግምት በየዓመቱ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የሚጐዳው ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ ያልታወቀለት መንደር ነው።

የወሰኑን ታሪክ ከመንግሥት ሰነድ፣ ልኬቱን ከካርታ ሠሪዎች ማግኘት ይቻላል። የቦታ ስሞቹን ግን፣ ማለት የየኰረብታውን፣ የየምንጩን፣ የየገበያውን የቀድሞ ስም፣ የሚያውቁት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው እያንዳንዳቸው የአንድ ቀበሌን ስሞች ከሽማግሌዎች አፍ በቋንቋቸው አነጋገር ቢጽፉና ስፍራውን ቢለኩ፣ ከዚህ በላይ ከተዘረዘሩት አምስት ሥራዎች ውስጥ የመጀመሪያው፣ ደግሞም ሊዘገይ የማይገባው፣ ተጀመረ ማለት ነው።